እሜቴን በገጽ ላይ ያራመድኩበት ቀን

እኔ በሕይወቴ አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም። ይህን የምለው ላማርር ብዬ ሳይሆን ልኮራ ብዬ ነው። ከአራተኛ ክፍል በኋላ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከማተሚያ ማሽን መመሪያ ላይ ነው፤ ሥዕልን ደግሞ ከካላንደርና ከክብሪት ቀፎ። በማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሞንታዥ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ጽሑፉንና ሥዕሉን ገጹ ላይ አስተካክሎ የሚያስቀምጠው ሰው ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ገጽ ጠምሞብኝ አያውቅም። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ እኩዮቼ በየደጃቸው ፀሐይ ሲሞቁ፣ እኔ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ ፈታሁና መልሼ ገጠምኩት። ስገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ኮምፒውተሩ ግን ሠራ። ስለዚህ ብሎኖቹ ሲፈጠሩም ትርፍ ነበሩ ማለት ነው።

ጊዜው ሚሊኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በየስብሰባው ልማት የሚባልበት፣ በየሰፈሩ መንገድ የሚቆፈርበት፣ መብራት ደግሞ በፈለገው ሰዓት የሚሄድበት ዘመን። ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከደጃፌ ቀና ያለ ሰው እንጦጦን ያያል። ያን ጊዜ በሰፈራችን «በኮምፒውተር የሚነበብ መጽሐፍ» ቢባል ብዙ ሰው በሲዲ የተቀዳ መዝሙር ይመስለው ነበር። እኔ ግን እንዲህ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕል ማንቀሳቀስ ችዬ ነበር። ገጹን ትከፍታላችሁ፣ ሥዕሉን በማውስ ትነኩታላችሁ፣ ወፏ ክንፏን ታራግባለች። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ አንዱን ወፍ ትንሽ ትንሽ እየለያዩ ደጋግሞ መሣልና ሥዕሎቹን በፍጥነት ማፈራረቅ። ቀላል ነው ያልኩት ለእኔ ነው። አሥራ አራት ወር ፈጅቶብኛል፤ ማንም አላሳየኝም።

ጎረቤቴ መምህርት አልማዝ ስለ አንዲት የእንጦጦ አህያ የልጆች ታሪክ ጽፋ ነበር። እንጨት ተጭና ከተራራው ወርዳ ከተማውን ስለምታይ አህያ። ደብተሩን ሰባት ዓመት ይዛው ዞረች፤ የሄደችበት ማተሚያ ቤት ሁሉ ባለቀለም መጽሐፍ አያዋጣም ብሎ መለሳት። በመጨረሻ ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት፣ ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ የልጆች መጽሐፍ እፈልጋለሁ፣ የተመረጠው በየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል ብሎ አስታወቀ። የማሳያው ቀን አርብ ስምንት ሰዓት፣ መገናኛ አጠገብ ካለው ቢሯቸው።

«ጋሽ ክፍሌ፣ ይህም ካልሆነ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ እከተዋለሁ። ደክሞኛል» አለችኝ።

እኔም በእድር ስብሰባ ላይ ብድግ ብዬ፣ «አርብ አህያዋ በኮምፒውተር ላይ ትራመዳለች! ካልተራመደች ስሜን ቀይሩት» አልኩ። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤ ላይ ሊጽፈው ምንም አልቀረውም።

ሐሙስ ጠዋት መምህርት ወደ ክፍል ከመግባቷ በፊት መጣች። ሥዕሉን ነካሁላት። አህያዋ ጭነቷን ተሸክማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ወደ ተራራው ጉብ ጉብ እያለች ወጣች። የመምህርት ዓይን እንባ አቀረረ።

«ሕይወት አላት እኮ፣ ጋሽ ክፍሌ!»

«እኔ እጅ የገባ ነገር ሕይወት አያጣም» አልኳት።

እሷ ወደ ሥራዋ ሄደች። ኮምፒውተሩ ስለሚግል በሩን ክፍት ትቼ፣ አህያዋን እያስኬድኩ በኩራት ተቀመጥኩ። በዚህ መሐል ብርቄ መጣች። ብርቄ ከእንጦጦ በሁለት አህዮች ጭራሮ እያወረደች ለሰፈራችን የምትሸጥ ሴት ናት። ጭራሮውን ደጅ ላይ አራግፋ በበሩ ብቅ አለች። ስክሪኑን አየች። ጠጋ አለች። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ጋሼ፣ ይቺን አህያ ምን ነካት?»

«ምን ሆነች?»

«እኔ ምን አውቄ። ቁርጥማት ነው?»

«ብርቄ፣ ይህ አኒሜሽን ይባላል። በኮምፒውተር የተሠራ ነው።»

«እንግዲያ የታመመው ኮምፒውተሩ ነዋ! አህያ እንዲህ አትሄድም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምትሄደው?»

«እንደ አህያ ነዋ!» አለችና ሳቋን ለቀቀችው። «ደግሞ እንጨት አሸክመው ወደ ላይ የሚሰዷት ለማን ብላ ነው? እንጦጦ እንጨት ቸግሮት ያውቃል?»

ደሜ ፈላ። ወደ ላይ የሚወጣ ሥዕል ዓይን ይስባል፤ ይህ የሞንታዥ ሕግ ነው። ለእሷ ግን ምን ብዬ ላስረዳት? «ስሚ» አልኳት፣ «ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በደጄ አህያ ሲያልፍ ያየሁ ሰው ነኝ!»

«አይተዋል፣ ጋሼ። አላስተዋሉም።»

ይህን ብላ፣ ባዶ አህዮቿን ነድታ ሄደች።

በሩን ዘግቼ ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ። ጉብ ጉብ ትላለች። ግን አሁን ሌላ ነገር ታየኝ። አንድ አንሶላ ለብሰው ሰልፍ የሚወጡ ሁለት ወታደሮች መሰለችኝ። እግሯን የሣልኩት የራሴን አካሄድ በመስታወት እያየሁ ነበር። ሰው ሲራመድ ቀኝ እግሩና ግራ እጁ አብረው ይወጣሉ፤ እኔም ያንኑ ለአህያዋ ሰጠኋት። መንገድ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። አንድ አህያ አለፈ። ሁለተኛ አለፈ። ሦስተኛውን ተከትዬ እስከ ጥጉ ሄድኩ። የትኛው እግር የትኛውን እንደሚከተል ለማየት ባፈጠጥኩ ቁጥር አራቱም ይደበላለቁብኛል። አላውቅም ነበር። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አህያ እንዴት እንደምትራመድ አላውቅም፤ ነገ ስምንት ሰዓት ደግሞ የመምህርት የሰባት ዓመት ድካም በእነዚያ እግሮች ላይ ነው የሚቆመው።

የልጄን ትንሽ ካሜራ፣ ደብተርና እርሳስ ይዤ በዚያ ዕድሜዬ ሮጥኩ። ብርቄን ጉራራ ሰፈርን አለፍ ብላ አገኘኋት።

«ብርቄ! ቁሚ! አህያሽን...» ትንፋሼ አጠረኝ።

«ሊገዙ ነው?»

«ላያት ነው።»

«ማየት በነፃ ነው። ግን ወደ ላይ ነን፤ ይችላሉ?»

«እኔ የማልችለው ነገር የለም» አልኩ።

ዳገቱን ተያያዝነው። ካሜራውን አውጥቼ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ ማንሣት ጀመርኩ። የጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ አንሥቼ ባትሪው ሞተ። ብርቄ ካሜራውን፣ ከዚያም እኔን አየችና አህዮቿን መንዳቷን ቀጠለች።

ባሕር ዛፉ መሐል ስንደርስ አህዮቹን አቆመች። ፊት የምትሄደው ግራጫዋ እሜቴ ትባላለች። «ካልተለመነች አትነቃነቅም፣ የወይዘሮ ጠባይ አላት» አለችኝ። ከመቀነቷ ጫፍ ብጣሽ ጨርቅ ቀደደችና በእሜቴ የኋላ ግራ እግር ላይ አሰረች።

«አራቱን እግር አንዴ ካዩ አንዱንም አያዩም። ይቺን ብቻ ይከተሉ። የቀሩትን ይርሷቸው።»

እሜቴን ቸብ አደረገቻት። ጨርቋን ብቻ ተከተልኩ። ተነሣች፣ አለፈች፣ አረፈች። ልታርፍ ስትል በዚያው ጎን ያለችው የፊት ግራ እግር ብድግ አለች።

«አየሁ!» ብዬ ጮህኩ። «በአንድ ጎን ናቸው! የኋላዋ ስትመጣ የፊቷ ትነሣለች!»

«የኋላው ሲመጣ የፊተኛው ቦታ ይለቃል። አለዚያማ ይራገጣሉ» አለች ብርቄ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ... የኋላ ቀኝ። ከዚያ የፊት ቀኝ።»

«በሉ ይሂዱበት።»

«ምኑን?»

«አካሄዱን ነዋ። በአራት እግር። በእጅዎ ካልሄዱበት ቤትዎ ሲደርሱ ይጠፋብዎታል።»

ሣቅሁ። እሷ አልሣቀችም። ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ሰው የለም። ኮቴን አውልቄ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩና ተንበረከክኩ።

«የኋላ ግራ!» አለች ብርቄ፣ አለንጋዋን እያወዛወዘች። «የፊት ግራ! የኋላ ቀኝ! ኧረ ቀስ ይበሉ፣ እንጨት ተጭነዋል እኮ! የፊት ቀኝ! አንገትዎን ዝቅ! ጭነት ያለበት ሰማይ ሰማይ አያይም!»

ጠጠሩ ጉልበቴን ላጠኝ። ግን አራት አምስት ዙር ስሄድ ገባኝ። ዓይኔ ያልያዘውን ትከሻዬና ዳሌዬ ያዙት። ደስ ብሎኝ ፍጥነት ጨመርኩ። በዚህ መሐል ከጠመዝማዛው መንገድ ቢጫ ጄሪካን ያዙ፣ ነጠላ ያጣፉ ሦስት ሴቶች ብቅ አሉ። ወደ እንጦጦ ማርያም ለጠበል የሚወጡ ናቸው። አንድ ሽበታም ሰውዬ በአራት እግሩ ዳገት ሲወጣ፣ አንዲት ሴት አለንጋ ይዛ ከኋላው ስትከተል አዩ። ቆሙ። ልነሣ ስል ትልቋ እጇን አነሣች።

«አይነሡ፣ ጋሼ! አያቋርጡት! ስለት ነው አይደል?»

ብርቄን አየኋት። ብርቄ ወደ ዛፉ ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አዎ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«ከየት ጀምረው ነው?»

«ከፈረንሳይ።»

«ከፈረንሳይ ለጋሲዮን! በዚህ ዕድሜ! እመብርሃን ትቀበልዎት!» ብለው ሦስቱም አማተቡ። አንደኛዋ ከሻንጣዋ አንድ ዳቦ አውጥታ ቅርንጫፉ ላይ ባለው ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝ። ከዓይናቸው እስክሰወር በአራት እግሬ ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ልንገራችሁ፣ ከሁሉም የተስተካከለው አካሄዴ ያን ጊዜ የሄድኩት ነው።

ዳቦውን ከብርቄ ጋር ተካፍለን በላን። ጭራሮ ስትለቅምና ስትጭን እኔ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። የተጫነች አህያ በየእርምጃው ራሷን ዝቅ ከፍ ታደርጋለች፣ ቁልቁለቱ ሲበዛባት ቀጥ ብላ ሳይሆን አገድም አገድም ትወርዳለች፣ ጆሮዋ አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ ነው። በየዕረፍቱ እየቆምን ሣልኩ። በደብተሩ ጥግ አሥራ ሁለት ሥዕል ሥዬ ገጾቹን በአውራ ጣቴ ፈርር አድርጌ ለብርቄ አሳየኋት።

«ይቺ የእርስዎ አህያ ናት» አለች። ቀደድኩት።

ሁለተኛውን ሣልኩ። «ይቺ የጎረቤት ናት። አትከፋም።» ቀደድኩት።

ሦስተኛውን ፈርር ሳደርግላት ጠጋ አለች። «ይድገሙት» አለች። ደገምኩት። ዞር ብላ አህያዋን አየች፣ ከዚያ ደብተሩን።

«እሜቴ ናት» አለች።

በማተሚያ ቤት ሳለሁ ሁለት ጊዜ ተሸልሜያለሁ። እንደዚያች ቃል የጣመኝ ሽልማት ግን የለም።

አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ደረስኩ። ማብሪያውን ጫንኩ፤ መብራት ሄዷል። ምሽቱን ጠበቅሁ፤ የለም። አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ የለም። ሁለት ሰዓት፣ የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ የእኔን አህያ የሚጠብቅ ይመስል ጎረቤት በየተራ እየመጣ «መጣ እንዴ?» ይለኛል፣ መብራት የእነሱም ቤት እንደሌለ እያወቀ። አራት ሰዓት ላይ አምፖሉ ቦግ አለ፤ የሰፈሩም ጩኸት አብሮ።

አሥራ ሁለቱን ሥዕሎች በስካነር አስገባኋቸው። ተራራውን ወደ ግራ፣ ከተማውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። አህያዋን ከላይ ወደ ታች አወረድኳት። መምህርት ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ስትገባ ሲዲው ላይ እየቀዳሁ ነበር። ስክሪኑን አይታ ደነገጠች።

«ጋሽ ክፍሌ! ትናንት ያለቀውስ?»

«ትናንት ያለቀው አህያ አልነበረም።»

«ታዲያ ያለቀስኩት ምን አይቼ ነው?»

«የእኔን ችሎታ አይተሽ ነዋ! ነይ እንሂድ።»

የድርጅቱ አዳራሽ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ከእኔም ያረጀ ነበር። ከእኛ በፊት የገቡት ሰዎች ሥዕላቸው የሚያምር፣ በቀለም ያበደ ነው፤ ግን ፋይሉ ከብዶ ኮምፒውተሩ ማዛጋት ጀመረ፣ ገጹ ሳይከፈት ሰዓታቸው አለቀ። መምህርት ክንዴን ጨመቀችኝ። «የእኛም እንዲህ ቢሆንስ?»

«የእኛማ አሥራ ሁለት የእርሳስ ሥዕል ናት፤ ላባ ናት። ማተሚያ ቤት የኖረ ሰው ቀለም አያባክንም» አልኳት። ሲዲውን ግን በኮቴ እጅጌ ሦስተኛ ጊዜ ጠረግሁት።

መራጮቹ መሐል የተቀመጡት አቶ ደምሴ የሚባሉ፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው የሚያዳምጡ ግዙፍ ሰው ናቸው። መምህርት የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። «አህያ» አሉ አቶ ደምሴ፣ ምንም ሳይመስላቸው። ሥዕሉን ነካሁት።

እሜቴ ተነቃነቀች። የኋላ ግራ፣ የፊት ግራ። ራሷን ዝቅ ከፍ እያደረገች፣ አንድ ጆሮዋን ወደኋላ ጥላ፣ ቁልቁለቱን አገድም ወረደች። አቶ ደምሴ ክንዳቸውን ፈቱ። ማውሱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ነኩት። ደገሙት። ሦስተኛ ነኩት።

«እኔ እንዲህ ያለች አህያ እየነዳሁ ነው ያደግኩት» አሉ። «ይህን የሣለ ሰው አህያ ነድቷል።»

«እኔ ነኝ የሣልኩት። አልነዳሁም» አልኩ።

«ታዲያ ማን አስተማረዎት?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠየቅ ኖሬያለሁ። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ማንም! ራሴን በራሴ!» ያን ቀንም ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ቆሜ ስለነበር ጉልበቴ ጠዘጠዘኝ፤ ሁለቱም እንደ ተላጡ ናቸው።

«ብርቄ የምትባል ሴት አስተማረችኝ» አልኩ። «ከእንጦጦ ጭራሮ የምታወርድ። እሷ ናት ያስተማረችኝ።»

መምህርት ዞራ አየችኝ። ጎረቤቴ ሆና በኖረችበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፌ ሰምታ አታውቅም። እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር። የሚገርማችሁ፣ አልቀነስኩም። እንዲያውም ደረቴ ተነፋ።

መጽሐፉ ተመረጠ። ወደ ቤት ስንመለስ መምህርት ታክሲ ውስጥ ደብተሯን አቅፋ ስትስቅና ስታለቅስ ረዳቱ ሒሳብ መጠየቅ ፈራ።

ቅዳሜ ጠዋት ብርቄ ስትመጣ ወንበር ሰጥቼ ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳት። በመጀመሪያው ገጽ ከመምህርትና ከእኔ ስም ጎን የእሷን አስገብቼ ነበር። ማንበብ ስለማትችል በጣቴ አሳየኋት። «ይኸውልሽ ስምሽ።» ስክሪኑን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው፣ እንዳይጠፋ የሰጋች ይመስል። ከዚያ አህያዋን አስኬድኩላት። ትጮኻለች፣ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ብርቄ ግን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«መቼ ነው የምትደርሰው?»

«ማን?»

«እሜቴ ናታ።»

«አትደርስም። አሥራ ሁለቱ ሥዕሎች ሲያልቁ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ይደጋገማል።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ገጹ እስኪዘጋ።»

ከወንበሯ ብድግ አለች። «ኧረ በማርያም፣ ጋሼ! ያራግፉላት እንጂ!»

ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳይ ዘጋሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ገጽ ሳስተካክል ኖሬ፣ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሥዕል ማንቀሳቀስ ስማር ከርሜ፣ ስለ ማሳረፍ አንድ ጊዜም አላሰብኩም ነበር።

ሲዲው ገና አልተባዛም። ለመምህርት ደወልኩላት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፤ እኔም አንድ ገጽ። በዚያ ገጽ ላይ ጭነቱ ወርዷል። ልጁ ሥዕሉን ሲነካው አህያዋ ትተኛለች፣ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ አቧራ ላይ ትንከባለላለች፣ ተነሥታ ትራገፋለች፣ ትቆማለች። አትደጋገምም። ቆማ ትቀራለች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት አንቀሳቅሻለሁ፤ በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ የሚያንቀሳቅስ ሽማግሌ ካለ ይምጣ። በየመጽሐፉ ግን ያሳየኝ ሰው ስም አለ። ድመት እንዴት እንደምትዘል ያሳየችኝ ልጅ አለች፣ ሸማ ሠሪው እግሩን እንዴት እንደሚያፈራርቅ ያሳዩኝ አባት አሉ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም ብያለሁ። ልሰርዘው ፈለግሁና ተውኩት፤ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ እውነት ነበር። እናንተም ዕድሜያችሁን ሙሉ ያያችሁት ነገር ካለ፣ አንድ እግሩ ላይ ጨርቅ እሰሩና እንደገና ተመልከቱት።

መምህርት እንደምትነግረኝ ልጆቹ ታሪኩን ሳይጨርሱ ወደ መጨረሻው ገጽ ይሮጣሉ፤ አህያዋን ለማንከባለል ማውሱን ይሻማሉ።

ብርቄም አሁንም በደጄ ታልፋለች። ጠዋት ጠዋት ጭራሮዋን አውርዳ ስትመለስ በመስኮቴ ስር ቆም ትላለች።

«ጋሼ! አራግፈዋታል?»

«አራግፌያታለሁ!» እላታለሁ።

እሜቴን ቸብ አድርጋ ወደ ላይ ትወጣለች። እሜቴም ባዶዋን ናት።